ስለ ቁማር ሱስና ስለ ሕክምናው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ወደ ቦዩና ወደ መንገድ መብራቱ ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ከባድ ነገር እናነሳለን። እንደሚታወቀው ማኅበራችን ለተቸገረ አባል ብድር ይሰጣል። የቤት ኪራይ አቃተን፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለፈን ብለው ከመጡት መካከል፣ ገንዘቡ የት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ ነገሩ ቁማር ሆኖ የተገኘው ከአንድ በላይ ቤት ነው። ስም አንጠራም። ስም ለመጥራት አልተነሣንም።

ዱሮ ቁማር ሲባል የምናውቀው ካርታ ነበር። ተጫዋቹም ተደብቆ ነበር የሚጫወተው። ዛሬ የእግር ኳስ ውርርድ በቲኬት ይቆረጣል፣ በእጅ ስልክም ይገባል። ልጁ አልጋው ላይ ተኝቶ የወር ደመወዙን ሊጨርስ ይችላል፤ እናቱም መልእክት የሚጻጻፍ ይመስላታል።

ሰው «ለምን አይተወውም? ልብ የለውም ወይ?» ይላል። እኛም ይህን ስንል ኖረናል። የሕክምና ሰዎች ግን ሌላ ይላሉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ቁማርን እ.ኤ.አ. በ2013 ከመጠጥና ከሌሎች ሱሶች ጋር በአንድ ምዕራፍ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ በሱስነት አስገብቶታል። እንግዲህ የተጫወተ ሁሉ ታመመ ማለት አይደለም። መተው እየፈለገ መተው ያቃተው ግን ታሟል።

እንዴት ነው ሰውን የሚይዘው? ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በእርግብ ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። እርግቧ አንድ ቁልፍ በመንቆሯ ስትመታ እህል ይወርድላታል። በመታች ቁጥር እህል ስታገኝ ቆይታ እህሉ ቢቀርባት ቶሎ ትተዋለች። አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳታውቅ ስታገኝ የቆየች ከሆነ ግን እህሉ ቢቀርም መምታቷን አትተውም። ቁማርም እንደዚሁ ነው። አልፎ አልፎ የሚገኘው ብር ነው ሰውየውን አስሮ የሚያስቀምጠው።

ሁለተኛው ወጥመድ «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው ነው። ይህን በሰፈራችን ያልሰማ የለም። እስቲ እንቁጠረው። አንድ ልጅ በአንድ ቲኬት 8 ጨዋታ ያዘ፣ የእያንዳንዱም ዕድል ሳንቲም እንደ መወርወር ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። ስምንቱም የሚሰምሩለት ከ256 ጊዜ 1 ጊዜ ነው። ሰባቱ ሰምረው አንዱ ብቻ የሚያበላሽበት ግን ከ256 ጊዜ 8 ጊዜ ነው። ስለዚህ ለጥቂት መበላት ከመብላት በ8 እጥፍ ይበዛል። ልጁ ግን «ተቃረብኩ፣ ጨዋታ አውቃለሁ» ብሎ ነገ ይመለሳል። የእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የአንጎል ምርመራ፣ ለጥቂት መሳት ሰው ሲያሸንፍ የሚነቃውን የአንጎል ክፍል እንደሚያነቃ አሳይተዋል። በኪሱ ከስሮ በአንጎሉ ያሸነፈ ይመስለዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው የተበላውን ለማስመለስ መሮጥ ነው። ቤቱን የሚያፈርሰውም ይኸው ነው። መጀመሪያ የኪሱ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የእቁቡ፣ ከዚያ ብድር፣ ከዚያ የቤት ዕቃ።

ምልክቶቹን ልብ በሉ። የሚያስይዘው ብር እየጨመረ ይሄዳል። ለማቆም ሞክሮ ያቅተዋል። ሲያቆም ይነጫነጫል። ሲከፋው ወደ ቁማር ይሄዳል። ይዋሻል፣ ዕዳውንም ሌላ ሰው እንዲከፍልለት ይጠብቃል። ሐኪሞቹ 9 ምልክቶች አሏቸው፤ በ12 ወር ውስጥ 4ቱ ወይም ከዚያ በላይ የታየበትን ታማሚ ይሉታል።

መዳኛ አለው ወይ? አዎን፣ አለው።

1ኛ/ የምክር ሕክምና። ባለሙያው ከታማሚው ጋር በተከታታይ እየተቀመጠ «ተራዬ ደርሷል»፣ «ዛሬ ይቀናኛል» የሚሉትን ሐሳቦች አንድ በአንድ ይፈትሽለታል። ሳንቲም ትናንት የወደቀበትን አያስታውስም፤ ተራም የለውም። በየትኛው ሰዓት፣ ከማን ጋር ሲሆን አምሮቱ እንደሚነሣ ለይቶም ሌላ መዋያ ያበጅለታል። አምሮት ይነሣል፣ ካልመገቡት ደግሞ ይበርዳል።

2ኛ/ ገንዘብን ከእጅ ማራቅ። ራሱ ተስማምቶ ደመወዙን ሚስቱ ወይም እናቱ ይያዙለት። የመወራረጃ ሂሳቡን ይዝጋ፣ ከስልኩም ያጥፋው።

3ኛ/ የተያዙ ሰዎች መረዳጃ ጉባኤ። እ.ኤ.አ. በ1957 በሎስ አንጀለስ የተጀመረው የቁማርተኞች ጉባኤ ዛሬ በብዙ አገር አለ። ሰዎቹ ተሰብስበው እርስ በርስ ይበረታታሉ።

4ኛ/ መድኃኒት። ለቁማር ብቻ ተብሎ የጸደቀ ክኒን የለም። ነገር ግን ብዙዎቹ ድብርት ወይም መጠጥ አብሮ ይዟቸዋል፤ ያ ሲታከም ይህኛውም ይቀላል።

አንድ ጊዜ ተመልሶ የወደቀ አልዳነም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከሱስ የሚወጣ ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል።

በተለይ ለእናቶችና ለሚስቶች የምንለው አለ። ዕዳውን ዝም ብላችሁ አትክፈሉለት። ዕዳው በጠፋ ማግስት ቁማሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። «ሌባ» ብላችሁም አታባሩት። በዕዳና በኀፍረት የተያዘ ሰው በራሱ ሕይወት ላይ እጁን ሊያነሣ ይችላል። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀልድ ነው አትበሉ። ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። በከተማችን የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። እዚያ መሄድ «አበደ» መባል አይደለም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል፦

ሀ/ በቁማር ምክንያት ለተቸገረ ቤት ብድር ሲፈቀድ ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም። ኪራዩ ለአከራዩ፣ የትምህርት ቤቱም ክፍያ ለትምህርት ቤቱ በማኅበሩ በኩል ይከፈላል።

ለ/ ጉዳዩን ለጸሐፊው ወይም ለገንዘብ ያዧ የነገረ ሰው ስሙ በስብሰባ ላይ አይነሣም።

ሐ/ ወደ ሕክምና ለሚሄድ ሰው፣ ከፈለገ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ይሄዳሉ።

አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። የሰፈራችን ልጆች ናቸውና አንሸሽጋቸው፣ አናዋርዳቸውም። ጽሕፈት ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ