በወንዝ ዳር ስለሚደረግ ዓሣ ማጥመድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



የዛሬው ንግግራችን ስለ ዓሣ ነው። ይልቁንም ወጣቶች በበዓል ቀን፥ ተማሪዎችም ትምህርት በተዘጋ ጊዜ፥ ለመዝናናት ወደ ወንዝ ወርደው ስለሚያጠምዱት ዓሣ ነው። «ይህስ የስብከት ነገር ነውን?» የሚል ቢኖር፥ ጌታችን የመጀመሪያዎቹን ደቀ መዛሙርት ከየት እንደ ጠራቸው ያስታውስ። ጴጥሮስንና እንድርያስን የጠራቸው መረብ ሲጥሉ አግኝቶ ነው። ከትንሣኤውም በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር በተገለጠላቸው ጊዜ ወንጌላዊው ዮሐንስ የዓሣዎቹን ቍጥር ሳይቀር ጽፎልናል፤ መቶ ኀምሳ ሦስት ነበሩ። ስለዚህ ዓሣ ማጥመድ ኀጢአት ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ሥራ የደከመው ሰው በወንዝ ዳር ተቀምጦ መንጠቆውን ጥሎ ቢውል፥ ከመጠጥ ቤትና ከክርክር ይልቅ ለነፍሱ ዕረፍት ያገኝ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ የምናገረው እኔው ራሴ ስላጠፋሁት ጥፋት ነውና በትዕግሥት አድምጡኝ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በአይከል ነው። አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጭልጋ ከተማ ናት። የአገሩ ውሃ ሁለት መንገድ አለው። ከጭልጋ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ጓንግን ተከትሎ ወደ ሱዳን ይሄድና አትባራ ይባላል፤ በደቡብ በኩል ወደ ደንቢያ የሚወርደው ግን ጣና ይገባል። ሁለቱ እዚህ ተለያይተው፥ ያ በአትባራ፥ ይህ በዓባይ በኩል ዞሮ፥ በሱዳን በረሃ እንደ ገና ይገናኛሉ። በልጅነቴ ይህን አላውቅም ነበር፤ የማውቀው የእናቴ እናት ቤት በደንቢያ መሆኑንና በዚያም ድርማ የሚባል ወንዝ መኖሩን ብቻ ነው።

ዕድሜዬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳለ ለመስቀል በዓል ወደ አያቴ ቤት ወረድሁ። ክረምቱ አልቆ ውሃው መጥራት ጀምሮ ነበር። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነን የደረቀ የብርብራ ፍሬ ሰበሰብን፤ በድንጋይ ላይ ወቀጥነውና ዱቄቱን በጨርቅ ቋጥረን ወደ ድርማ ሄድን። ውሃው ጋብ ብሎ ከሚዞርበት ስፍራ ስንደርስ በተንነው። ጥቂት ቆይቶ ዓሣዎቹ እንደ ሰከረ ሰው እየተወላገዱ ወደ ላይ ወጡ። አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። ትልልቆቹን በእጃችን ለቀምናቸው። ከጣት የማይበልጡትን ግን ማን ያነሣቸዋል? ሆዳቸውን ወደ ሰማይ እንዳደረጉ ውሃው ይዟቸው ሄደ። እኛ ስንስቅ ነበር። አልተራብንም፤ ቤታችን ለበዓሉ የታረደ ነበር። ያደረግነው ለጨዋታ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አያቴ ቢላዋ አንሥተው የመጀመሪያውን ዓሣ ሆድ ቢከፍቱት ከሥጋው ይልቅ ዕንቍላሉ በዛ። ሁለተኛውም፥ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ቢላዋቸውን አኖሩና «ስንት ናቸው?» አሉን። እኛም እየተኵራራን «ሃያ ሦስት» አልናቸው። አያቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥

«ልጆቼ፥ እናንተ እኮ አራስ ቤት ገብታችኋል» አሉ።

ከእናንተ መካከል አራስ ቤት ምን እንደ ሆነ የማያውቅ አድማጭ ያለ አይመስለኝም። በአራስ ቤት እሳት አይጠፋም። ገንፎው ይገነፋል፤ ጎረቤት እንኳን ጤና ይስጥሽ ሳይል አይውልም፤ ከባልዋ ጋር የተጣላ ሰው እንኳ በደጃፏ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደም የተቃቡ ሰዎች ባሉበት አገር ስንኳ አራስን የሚደፍር አልነበረም። አያቴ ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን በአንድ ቃል የነገሩኝን፥ በኋላ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ስኖር ከመጻሕፍቱ አገኘሁት።

በኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ እግዚአብሔር «ብዙ፥ ተባዙ» ብሎ በመጀመሪያ የባረከው ሰውን አይደለም። በዕለተ ሐሙስ የተፈጠሩትን በባሕር የሚኖሩትንና በሰማይ የሚበሩትን ነው። አዳም ገና አልተፈጠረም ነበር። እንግዲህ ዓሣ በረከቱን የተቀበለው ከእኛ በፊት ነው፤ በበረከትም ታላቃችን ነው ብል ሊቃውንቱ አይቈጡኝም ብዬ አምናለሁ። ደግሞ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 እንዲህ ያለ ሕግ ተጽፏል፤ ሰው በመንገድ ሲሄድ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፥ እናቲቱም ጫጩቶቿን ወይም ዕንቍላሎቿን ታቅፋ ብትገኝ፥ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ታዝዟል። ይህን የጠበቀ መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም ተስፋ ተሰጥቶታል። አባትህንና እናትህን አክብር በሚለው ትእዛዝ የተሰጠው የረጅም ዕድሜ ተስፋ ለአንዲት ወፍ ጎጆም መሰጠቱን ልብ በሉ። በሆዷ ዕንቍላል የያዘችውን ዓሣ ያጠመደ ሰው እናቲቱንም ልጆቿንም በአንድ ቀን ወስዷል።

የዘመናችን ተመራማሪዎች ያጠኑትም የአያቴን ቃል የሚያጸና ሆኖ ተገኝቷል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ስለሚወድቅ ከበታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በጣና ከሚኖሩት ወደ 28 ከሚጠጉ የዓሣ ዓይነቶች ብዙዎቹ በሌላ በማንኛውም የዓለም ውሃ አይገኙም። ከእነዚህም በአፉ ዳር እንደ ሪዝ ያለ ነገር ያለው፥ ሊቃውንቱ ላቤዮባርበስ ብለው የሰየሙት ወገን አለ። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ የሚወልዱት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም በመገጭ፥ በድርማ፥ በርብ፥ በጉማራ ሽቅብ ወጥተው፥ ውሃው በጠራበትና ወለሉ ጠጠር በሆነበት ስፍራ ዕንቍላላቸውን ይጥላሉ። የሚፈለፈለውም ከጊዜ በኋላ ውሃውን ተከትሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ቆሮሶ ግን ሌላ ነው፤ እናቲቱ ዕንቍላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች፤ እስኪጠነክሩም ድረስ በጾም ትቈያለች። እግዚአብሔር ለማን ምን ጥበብ እንደ ሰጠ ተመልከቱ።

እንግዲህ ዓሣው በወንዝ አፍ በተሰበሰበበት ጊዜ አንድ መረብ ተዘርግቶ ቢቈየው፥ የሚያዘው የዛሬው ዓሣ ብቻ አይደለም። ከ1984 ዓ.ም. እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዐሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚወልደው ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱ እንደ ጐደለ ጥናቱ ያስረዳል። ብርብራ ደግሞ ከመረብ ይከፋል፤ መረብ እንደ ዓይኑ ስፋት ትንሹን ያሳልፋል፥ ብርብራ ግን ትልቁንም ትንሹንም የሚተነፍስበትን ይዘጋበታል። በመርዝ ማጥመድ በአገራችን ሕግ፥ በአዋጅ ቍጥር 315/1995 የተከለከለ ነው።

ይህን ስናገር ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ ልቀስር አልችልም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ቤተ ክርስቲያናችን ከመንግሥትና ከኔዘርላንድ ክርስቲያኖች ተራድኦ ጋር ሆና በጣና የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በሥራ ላይ እንዲውል ረድታለች። አሳቡ ችግረኛውን ለመርዳት ነበር፤ ብዙ ቤትም ረድቷል። ያን ጊዜ ድረስ ሐይቁን በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱበት የኖሩት ነገደ ወይጦ ነበሩ፤ እኛም «ንጹሕ ያልሆነ ይበላሉ» እያልን ስንንቃቸው ኖረናል። በእነርሱ ታንኳ ዘመን ዓሣው አልጐደለም። ይህን አንሥተን ብናስብበት መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ዓሣ ስንገዛ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ያለውን ሕግ እናስባለን፤ ክንፍና ቅርፊት ያለውን እንበላለን፥ የሌለውን እንተዋለን። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ከብዙዎቻችን ማዕድ አይቀርብም። አዛውንቶቻችን ዓሣውን ገልብጠው ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፍቀው የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ቅርፊቱን መመርመር መልካም ነው። ነገር ግን ዕንቍላል መያዙን፥ የተያዘውም በየትኛው ወር፥ በምን ዓይነት ዘዴ እንደ ሆነ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ጾመ ፍልሰታ የሚገባው ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወራት ነው። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሣውም፤ ያ ከነፍስ አባት ጋር የሚነጋገሩበት ነው። ነገር ግን በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ገበያው ይመሰክራል። ከሥጋ ርቀን ለነፍሳችን ስንጾም፥ በወንዙ አፍ ያለችው እናት በእኛ ጾም ምክንያት ብትያዝ፥ ጾማችን ምን ይባላል? ነገሩን ለሊቃውንቱ ትቼ ለእያንዳንዳችሁ ኅሊና አቀርበዋለሁ።

በሰሜን አሜሪካ በሲያትል ከተማ የሚኖር አንድ ዘመዴ የነገረኝንም ላካፍላችሁ። በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በውቅያኖሱ ዳር፥ ባሕሩ በሸሸ ሰዓት ሰዎች አካፋ ይዘው አሸዋ እየቈፈሩ በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር ፍጥረት ያወጣሉ። አብዛኞቹ የሚያደርጉት ለመዝናናት ነው፤ አያት ከልጅ ልጁ ጋር ይሄዳል። ዘመዴ አብሯቸው ሄዶ አይቷል፤ በኦሪቱ ሕግ ለእኛ የማይበላ ስለሆነ ግን አልቀመሰም። ያስደነቀው ሕጉ ነው። የባሕሩ ፍጥረት መርዝ የሌለበት መሆኑ ካልተመረመረ በቀር ቍፋሮው አይፈቀድም፤ የሚፈቀደውም በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። አንድ ሰው በቀን 15 ብቻ ይወስዳል፤ ያውም በመጀመሪያ ያወጣቸውን 15 ነው። ትንሽ ነው፥ ተሰብሯል ብሎ ጥሎ ሌላ ትልቅ መፈለግ አይችልም፤ ተቈፍሮ የተጣለው ይሞታልና። እኔ ይህን ስሰማ እኛ በድርማ ላይ የተውናቸው፥ ውሃ ይዟቸው የሄደው እነዚያ ትንንሾች ትዝ አሉኝ። ለማይበላው ፍጥረት እንዲህ ያለ ሕግ ሲጠበቅለት፥ ለምንበላው እንዴት አነሰው?

ለልጆቹ ጦም ላለማሳደር መረብ የሚጥለውን ሰው በዚህ ቃል እንዳላስጨንቀው እፈራለሁ። እርሱ ሌላ ነው፤ ለእርሱ ሕጉንና የመረቡን ዓይን ስፋት የሚያስረዱ ባለሙያዎች አሉ፥ ቸግሮትም ከሆነ ልንረዳው የሚገባን እኛ ነን። የዛሬው ቃል ለጨዋታ ለሚወርደው ነው። እርሱ አንድ ወር ቢታገሥ ምድጃው አይጠፋም። ወጣቶች ሆይ፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዙን ተዉላቸው። በሌላው ጊዜ መንጠቆ ይበቃችኋል፤ ትንሹን በእርጥብ እጅ ይዛችሁ ወደ ውሃው መልሱት። ብርብራውን ለንብ ተዉት፤ አበባው ማር ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ ቀኖናዬ ልንገራችሁ። ያን ነገር ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን «በሚመጣው ዓመት በመስቀል ሰሞን ወደዚያው ስፍራ ሂድ፤ ምንም አትያዝ፤ ከሠርክ ጸሎት ጀምረህ እስኪጨልም ተቀመጥ» አሉኝ። ዓመቱ ደረሰና ሄድሁ። በዳሩ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ውሃው ከጕልበት የማያልፍ ነበር፤ ጠጠሩ ይታያል። ፀሐይ ወደ ጭልጋ ተራሮች ስታዘቀዝቅ አንድ ጀርባ ከውሃው ብቅ አለ፤ ቀጥሎም ሌላ። ከጣና ተነሥተው ጅረቱን ሽቅብ እየታገሉ የመጡ ናቸው። በጅራታቸው ጠጠሩን ሲመቱት ውሃው ይደፈርስና መልሶ ይጠራል። መቍጠር ጀመርሁ። ሰባት ሆኑ፤ ቈይቶም ዘጠኝ። ሃያ ሦስት እስኪሞሉ ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ዐሥራ አንድ ላይ ሳለሁ ጨለመ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፥ አሜን።