የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት፤ ከሸዋ በር እስከ ሐረማያ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከጀጎል ግንብ በስተ ምዕራብ፣ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ በሚሉት በሸዋ በር የሚገበያየውን ሕዝብ ያዳመጠ ሰው ስለ ሰማይ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ዛሬ ደመናው ከብዷል፤ ሳይዘንብ አይቀርም» ይላል። ሌላው «ሐረር ወይና ደጋ ናት፤ በልግም ክረምትም ታገኛለች» ይላል። የመጀመሪያው የተናገረው ስለ አየር ሁኔታ ነው፤ ሁለተኛው ስለ አየር ንብረት ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው፣ እነዚህን ሁለቱን አለመለየት ለእኛ ለመሐንዲሶች የቃላት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ከተማን ውኃ የሚያሳጣ ስሕተት መሆኑን ነው።

የአየር ሁኔታ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ወይም ቀን የሚታየው የሙቀት፣ የግፊት፣ የእርጥበት፣ የነፋስና የዝናም ይዞታ ነው። የአየር ንብረት ደግሞ ይኸው ይዞታ ለረጅም ዘመን ተመዝግቦ ሲጠና የሚገኘው አማካይና ከአማካዩ የሚራራቅበት መጠን ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ለዚህ የሚጠቀምበት መለኪያ የ30 ዓመት መዝገብ ነው። ለእኛ ሙያ ከአማካዩ ይልቅ የሚከብደው መራራቁ ነው። ድልድይ የሚወስደው አማካዩ ጎርፍ አይደለም፤ ግድብ የሚያደርቀውም አማካዩ ዓመት አይደለም።

ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስትሆን፣ በኬክሮስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐሩር በጸናባት ነበር። ያበረዳት ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋው ከፍታዋ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ 1,200 ሜትር አካባቢ ከምትገኘው ከድሬዳዋ ጋር ያላት የ700 ሜትር ልዩነት ብቻውን 4.5 ዲግሪ ያህል ያለያያቸዋል። ዝናሟም ሁለት ጊዜ ነው። በበልግ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ፣ በክረምት ደግሞ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው የነፋሳት መገናኛ ቀበቶ ያመጣላታል።

የቀድሞ ግንበኞች ይህን ያለ መሣሪያ ያውቁት ነበር። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ውስጥ የሚታየው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወስዶ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል፤ ጠባቡ መንገድም ጥላ ይሰጣል። ጃንጥላ የሚያዘው ለአየር ሁኔታ ነው፤ ቤት የሚሠራው ግን ለአየር ንብረት ነው።

አሁን ወደ ሐረማያ እንሻገር። ከሐረር በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት የከተማይቱ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ግን ደረቀ። ብዙ ሰው «ዝናም ቀረ» አለ። ነገር ግን ሐይቅ እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው። ገቢው በላዩ የሚወርደው ዝናምና ከዙሪያው ኮረብቶች የሚፈስሰው ውኃ ነው፤ ወጪው ትነትና ሰው የሚቀዳው ነው። መውጫ ወንዝ በሌለው በዚህ ተፋሰስ ለከተሞች የተሳበው ውኃ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የተቀዳው፣ ከተራቆተው ኮረብታ ወርዶ ሐይቁን የሞላው ደለል ወጪውን ከገቢው አስበለጡት። እንዲህ የተመናመነ ሐይቅ አንድ ደረቅ ዓመት ሲመጣበት የሚቋቋምበት ተቀማጭ የለውም። ከዚያ ወዲህ በዝናማማ ዓመታት ውኃ ተመልሶ መታየቱም ሰማዩ ፈጽሞ እንዳልተዘጋ ያስረዳል።

የዚህ ዋጋ በቁጥር ይገለጣል። ሐረር ከዚያ በኋላ በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ወደ ላይ በሚገፋ ውኃ ለመጠቀም ተገደደች። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 600 ሜትር ብቻ ከፍ ለማድረግ፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ ከ1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይጠይቃል። ይህ ሒሳብ ፓምፑ እስከ ሠራ ድረስ በየቀኑ የሚከፈል ነው። በአንጻሩ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 700 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ዓመት 100 ካሬ ሜትር ጣራ 70,000 ሊትር ይቀበላል። ከዚህ ከፊሉ ቢጠራቀም እንኳ ከሩቅ ከሚገፋው ውኃ ይቀንሳል።

እንግዲህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በአንድ መልካም ክረምት ተመክተን ንድፍ አናውጣ። ሁለተኛ፣ የዓለም ሙቀት በመጨመሩ ትነትም ስለሚያይል፣ አሮጌውን የ30 ዓመት ሠንጠረዥ እንደ ዘለዓለም ሕግ አንያዘው፤ በየጊዜው እናድሰው። ሦስተኛ፣ በምንሠራበት ሥፍራ ሁሉ የዝናም መለኪያ እንዲኖርና መዝገቡ ሳይቋረጥ እንዲያዝ እንትጋ። የአንድ ቀን ልኬት ወሬ ነው፤ የ30 ዓመት ልኬት ግን መሠረት ነው።

ሰማዩን ማዘዝ አንችልም። ከእርሱ የተቀበልነውን ቆጥረን መጠቀም ግን የሙያችን ግዴታ ነው።