በደጃችን ያለው ግቢ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የምንነግራችሁ ስለ ሩቅ አገር አይደለም። ሁላችሁም በየዕለቱ በአጠገቡ ስለምታልፉት፣ እኛም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተራችንን ይዘን ስላለፍንበት ስለ ፋሲል ግቢና በፊቱ ስላለው ስለ ጃን ተከል ዋርካ ነው።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት በእኛ ላይ መድረሱን ያወቅነው በታሪክ ትምህርት ሰዓት ነው። መምህራችን «ወደ ግቢው ገብቶ በሚገባ የተመለከተ እጁን ያንሣ» ብለው ቢጠይቁ፣ ከክፍሉ ተማሪ እጃቸውን ያነሡት ከአምስት አይበልጡም ነበር። ከባሕር ማዶ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚመጣበትን ቦታ፣ ጎንደር ተወልደን ያደግነው እኛ ከውጭ የምናውቀው በአጥሩ ብቻ ነበር። መምህራችን አልተቈጡንም፤ «እንግዲያው ቅዳሜ ጧት በዋርካው ሥር እንገናኝ» አሉን።

ቅዳሜ ጧት በዋርካው ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ስለዚህ ዛፍ እስከዚያ ቀን የምናውቀው ከፀሐይ የሚያስጠልል መሆኑን ብቻ ነበር። መምህራችን ግን በነገሥታቱ ዘመን ይህ አደባባይ ሕዝብ የሚሰበሰብበትና አዋጅ የሚሰማበት እንደ ነበረ አስረዱን። በ1770 በኤውሮፓ አቈጣጠር ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ የሞት ቅጣት ሲፈጸም ማየቱን ጽፏል። እኛ ኳስ ስንጫወት የኖርንበት ሥፍራ የደስታም የእንባም ሥፍራ እንደ ነበረ ስንሰማ፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

ከዚያ በኋላ በአምስት ቡድን ተከፈልን። የግቢው አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን በሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዱም ቡድን አንድ በር ተሰጠው። ሥራችን የበሩን ስም ምክንያት መርምሮ ለጓደኞቻችን መንገር ነበር። ወምበር በር የዳኞች፣ እንቢልታ በር የእንቢልተኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ በር ነው። ስሞቹን ስንሰማ ያ ባዶ መስሎ ይታየን የነበረው ግቢ በሰው ተሞላልን። ፈራጁ፣ ሙዚቀኛውና ባለፈረሱ በየበራቸው ሲገቡ የምናያቸው መሰለን።

ዐፄ ፋሲል ከ1632 እስከ 1667 ነገሡ፤ ጎንደርንም በ1636 መናገሻ ከተማቸው አደረጓት። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙውን ጊዜ በድንኳን ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ይዘዋወሩ ስለ ነበር፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይህ ግንብ የአንድ አዲስ ሐሳብ ምልክት ነው። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ ደግሞ ውስጡ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ እንደ ነበረ የሚነገርለትን ግንብ ሠሩ። ዐፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽ፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ግንብ ጨመሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ የአባቱን ቤት አፍርሶ ሳይሆን በአጠገቡ የራሱን ጨምሮ ነው የሠራው።

የኢያሱ ግንብ ዛሬ ጣሪያ የለውም። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ ጎንደር ከኢጣሊያ እጅ ነጻ በምትወጣበት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ አቈሰለው። በመካከሉም በ1888 የደርቡሽ ጦር ከተማይቱን ዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥሏል። ይህን ሁሉ ስንሰማ በልባችን የመሬት መንቀጥቀጡንም ጠላቱንም መውቀስ ጀምረን ነበር። ነገር ግን ወቀሳችን ወደ ራሳችን የሚመለስበት ሰዓት ቀርቦ ኖሯል።

ከአዳራሾቹ ወደ አንደኛው እንደ ገባን፣ በግድግዳው ላይ በምስማር የተፋቀ ጽሕፈት አየን። ቀርበን ብናነበው የገዛ ትምህርት ቤታችን ስም ነው! ከሥሩም «12ኛ ለ» ይላል። ከእኛ በፊት በዚሁ ክፍል የተማሩ ወንድሞቻችን ለመታሰቢያ ብለው የተዉት ነው። አንዳንዶቻችን ሳቅን። ከኋላችን የቆሙት ሽማግሌ ዘበኛ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው «ልጆቼ፣ የናንተ ትምህርት ቤት ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን።

እውነቱን እንናገር፤ መልሱን ለመስጠት ዘገየን። «አይደለም» ብንል ማንም አያውቅብንም ነበር። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ «አዎን አባባ፣ የእኛ ነው» አለች። ሽማግሌውም አልገሠጹንም። «እንግዲያስ ጠባቂዎቹም እናንተ ናችሁ» ብለው ኖራው በተፋቀበት የዝናብ ውሃ እንዴት ሰርጎ እንደሚገባ በጣታቸው አሳዩን። መምህራችንም አንድ ነገር ጨመሩ። በኢጣሊያ ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶ ተጠግነው እንደ ነበር፣ በኋላ ግን ለጥንቱ ሥራ የሚስማማው ኖራ ሆኖ ስለ ተገኘ ያንን እያነሡ በኖራ መተካት ግድ እንደ ሆነ ነገሩን። በአንድ ደቂቃ የተፋቀውን ለመመለስ ባለሙያ፣ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል ማለት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መዝገቡ ግን ብቻውን ግድግዳ አይጠብቅም። ቦምብ የሚጥል ጠላት በየዘመኑ አይመጣም፤ ምስማር የያዘ ተማሪ ግን በየቀኑ ሊመጣ ይችላል። ቅርሱን የሚያጠፋው የሩቅ ሰው ብቻ ነው ብለን እናስብ የነበርነው ሁሉ በዚያች ዕለት ስሕተታችንን ተረዳን።

ስለዚህ እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ ትምህርታችንን እስክንጨርስ ድረስ በየወሩ አንድ ቅዳሜ በዋርካው ሥር ተሰብስበን አካባቢውን እናጸዳለን። ሁለተኛ፣ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ተማሪዎች ራሳችን እየመራን ግቢውን እናሳያለን፤ የበሮቹን ስም እንነግራቸዋለን፤ ያንንም ግድግዳ ሳንደብቅ እናሳያቸዋለን።

ምናልባት ያንን ስም የጻፉት ወንድሞቻችን ዛሬ ለበዓሉ ተጠርተው ከመካከላችን ተቀምጠው ይሆናል። ከሆኑ፣ ልናሳፍራቸው አንፈልግም። በእነሱ ዕድሜ የነገራቸው ሰው ባይኖር ነው፤ እኛም ባይነገረን ኖሮ ከሥሩ ስማችንን ሳንጨምር አንቀርም ነበር። በሚመጣው ቅዳሜ ከእኛ ጋር በዋርካው ሥር ቢገኙልን ግን ደስታችን ወሰን የለውም።

ወላጆቻችን ሆይ፣ እናንተም ታናናሾቻችንን እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ግቢው አስገቡልን። የትምህርት ቤታችን ስም በግንብ ላይ ተፍቆ ሳይሆን፣ ግንቡን በሚጠብቁ ልጆች ሥራ ሲታወስ ይኑር።