ስቲከር መቁረጫ ከመግዛታችሁ በፊት

አንደኛ አቅራቢ፦ ለቲሸርትና ለስጦታ ዕቃ ጽሑፍ የሚቆርጥ ትንሽ ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ምኑን ይይ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ፕሮግራሙን! ክሪከት የሚባለው ማሽን ያለ ራሱ ፕሮግራም አይሠራም፤ ለዚያም አካውንት በኢንተርኔት መክፈት ግድ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ወርሃዊ ክፍያ የማይከፍሉት በወር ከ20 በላይ ንድፍ እንዳይጭኑ ሊከለክል ነበር።

አንደኛ አቅራቢ፦ ደንበኞቹ ተቆጥተው አስተዉት እንጂ! ሰው በገንዘቡ በገዛው ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ በደል ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ነሽ። ሲልዌት የተባለው ሌላ ማሽን ፕሮግራም ግን ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ አጠቃቀሙስ? ጀማሪን የሚያስቸግረው የቱ ነው?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የምላጩ ጥልቀት። የላይኛው ፕላስቲክ፣ ማለትም ቪኒሉ፣ ብቻ ተቆርጦ የጀርባው ወረቀት ሳይበሳ መቅረት አለበት። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ትንሽ ቅርጽ ቆርጦ መሞከር ነው። በካውያ የሚለጠፈው የቲሸርት ቪኒል ደግሞ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ፣ ጽሑፉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ ይቆረጣል።

አንደኛ አቅራቢ፦ የአማርኛ ፊደልስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ቀጫጭን እግሮቹ በዙሪያቸው ያለው ትርፍ ቪኒል ሲነሳ አብረው ይበጠሳሉ፤ ወፈር ያለ ፊደል ይመረጥ። አድማጮቻችን፣ ከመክፈላችሁ በፊት ምላጩና ሲቆረጥ ቪኒሉን የሚይዘው ተለጣፊ ምንጣፍ በአካባቢያችሁ መገኘቱን ጠይቁ።