በሕዋስ ውስጥ ያለው መረብ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ፈተና የኤንዶፕላስሚክ ሬቲኩለምን ሥዕል አሳምረን ስለን፣ ስሙንም ከጐኑ ጽፈን ሙሉ ማርክ አገኘን። በማግሥቱ መምህራችን «ይህ ነገር ባይኖር ሕዋሱ ምን ይጐድልበታል?» ብለው ቢጠይቁን ግን ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። የዛሬው ንግግራችን ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ሬቲኩለም ማለት በላቲን ትንሽ መረብ ማለት ነው። በተራው ማይክሮስኮፕ ቅርጹ ተለይቶ አይታይም ነበር። በ1945 (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ኪት ፖርተር፣ አልበርት ክሎድና ኧርነስት ፉላም በኒውዮርክ ከጫጩት ፅንስ የተገኘ ሕዋስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱ፣ እንደ ዳንቴል የተያያዘ ነገር አዩ። መረቡ በሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል ብቻ ያለ ስለ መሰለ «ኤንዶ» ተባለ፤ በኋላ እስከ ዳር መድረሱ ቢታወቅም ስሙ እንደ ወጣ ቀረ።

በሥዕላችን ላይ የተቈራረጡ ከረጢቶች መስሎ የሚታየን፣ ሕዋሱ በስለት ተቈርጦ የታየ በመሆኑ ነው። በእውነቱ ከኒውክሊየሱ ሽፋን ጋር የተያያዘ አንድ ወጥ ስስ ሽፋን ነው፤ በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ ካለው ሽፋን ሁሉ ከግማሽ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ሻካራው ክፍል ሻካራ የሆነው በላዩ በተጣበቁት ራይቦሶሞች ነው። ነገር ግን እነዚህ እዚያ የተተከሉ አይደሉም። ራይቦሶሙ ፕሮቲኑን መሥራት ሲጀምር መጀመሪያ የሚወጣው ቍራጭ፣ በደብዳቤ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ፣ ወደ መረቡ ይመራዋል። የኢንሱሊን አድራሻ 24 አሚኖ አሲድ ነው፤ ወደ ውስጥ ካስገባው በኋላ ተቈርጦ ይጣላል። ይህን አሠራር የገለጠው ጉንተር ብሎበል በ1999 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ልሙጡ ክፍል ቅባት ይሠራል፤ በጉበት ውስጥ መድኃኒትና መርዝ ይለውጣል፤ በጡንቻ ውስጥ ካልሲየም ያከማቻል። ይህን መጽሐፋችን በሚገባ ስለ ጻፈው አናተትበትም።

መጽሐፋችን በአንድ መስመር ያለፈው ግን፣ መረቡ መርማሪም መሆኑን ነው። ወደ ውስጡ የገባ ፕሮቲን ተጣጥፎ ትክክለኛ ቅርጹን ካልያዘ እንዲወጣ አይፈቀድለትም፤ ወደ ውጭ ተገፍቶ ይፈርሳል። ይህ መልካም ጥበቃ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥብቅነቱ ይጐዳል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው የዘር በሽታ ሳንባን በወፍራም አክታ ይሞላል። በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ዘንድ ከ1480 አሚኖ አሲዶች አንዱ ብቻ፣ 508ኛው፣ ጐድሏል። ፕሮቲኑ የሕዋሱ ዳር ቢደርስ በመጠኑም ቢሆን ሊሠራ በቻለ ነበር፤ ነገር ግን መረቡ ይዞ ያስቀረዋል፤ ይፈርሳልም። አንድ ልጅ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ፈጽሞ የማይረባ ባልሆነ ነገር ላይ በተሰጠ ፍርድ ምክንያት ነው ማለት ነው! ይህን ስናነብ ለጥቂት ጊዜ መጽሐፉን አጠፍን።

በ2019 በአሜሪካ ሦስት መድኃኒቶችን ያጣመረ ሕክምና ተፈቀደ። ሁለቱ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይዞ ከመረቡ እንዲያልፍ ይረዱታል፤ ሦስተኛው ዳር ከደረሰ በኋላ በሩን ይከፍትለታል።

ሥዕሉን በሰሌዳው ላይ ትተነዋል። መምህራችን ደግሞ ለመጠየቅ እጃቸውን እንዳነሡ እናያለን።