ሁለት ቀን በሜኮንግ፣ ሦስት ቀን በጋኖቹ ሜዳ
(በተመራቂዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ጡረታ ከወጣህ በኋላ የት ነው የጠፋኸው? እሱን ንገረን» ብለው ነው መድረኩን የሰጡኝ። የጠፋሁት ላኦስ ነው። ሃያ ስድስት ቀን፣ በአንድ የጀርባ ቦርሳ፣ እሱም የልጄ። አውሮፕላን የተሳፈርኩት እስከ ባንኮክ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ፣ ጀልባና እግር። ሠላሳ ዓመት መንገድ ስንሠራ የምንሄደው በፕሮጀክት መኪና ነበር፣ አይደል? አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ከጆንያና ከዶሮ ጋር ተጨናንቄ መንገድ ምን እንደሚመስል ማየት ፈለግሁ።

ላኦስን የመረጥኩት አገራችንን ስለምትመስለኝ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ባሕር በር የሌላት እሷ ብቻ ነች። አብዛኛው ምድሯ ተራራ ነው፤ ሕዝቧም በብዛት ገበሬ ነው።

ከታይላንዷ ቺያንግ ኮንግ ድልድዩን ተሻግሬ ሁዋይ ሳይ ገባሁ። ከዚያ በሜኮንግ ወንዝ ላይ እስከ ሉዋንግ ፕራባንግ በጀልባ ሁለት ቀን ነው፤ ማታ ፓክቤንግ በምትባል መንደር ይታደራል። ጀልባው ረጅምና ጠባብ ነው። ወንበሮቹ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀሉ የመኪና ወንበሮች! የመርካቶን ምን አለሽ ተራ አስታወሱኝ። ጀልባው በየአሸዋው ዳርቻ እየቆመ ሰውና የሩዝ ጆንያ ያወርዳል፤ ታርጋ የሌለው አዲስ ሞተር ብስክሌት ሲያወርድም አይቻለሁ። ለብዙዎቹ የወንዙ ዳር መንደሮች መንገዳቸው ያ ጀልባ ነው።

ሉዋንግ ፕራባንግ እንደ ላሊበላችን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት። ጎህ ሲቀድ የቡድሃ መነኮሳት ባዶ እግራቸውን በሰልፍ ይወጣሉ፤ ሰዉም መንገድ ዳር ተንበርክኮ በየዕቃቸው ሩዝ ይጨምርላቸዋል። የእኛ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፤ እነዚያ ግን ትንፍሽ አይሉም። ሩዙ ራሱ የሚጣበቅ ዓይነት ነው። ከቀርከሃ በተሠራ ትንሽ ሙዳይ ይቀርባል፤ በቀኝ እጅ ጠቅለል አድርጎ ወጡን እያጠቀሱ መብላት ነው። ማንም ያስተማረኝ ሳይኖር በሁለተኛው ጉርሻ ለመድኩት። ላፕ የሚሉት የተከተፈ ሥጋም አላቸው፤ ጥሬውን ለሚወድ ጥሬውን። ክትፎ ወዳዶች፣ እዚያ አትራቡም።

ስለ ባቡሩ ሳልነግራችሁ ባልፍ መሐንዲሶቹ አትምሩኝም። ከቻይና ድንበር እስከ ዋና ከተማዋ ቪየንቲያን 414 ኪሎ ሜትር፣ 75 ዋሻ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሥራ ጀመረ። በቻይና ብድር ነው፤ ስለ ዕዳው እዚያም እንደ እኛው ይከራከራሉ። እኔ ግን አልተሳፈርኩበትም። በሚኒባስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፖንሳቫን አቀናሁ። ቀኑን ሙሉ ጠመዝማዛ ተራራ ነው፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ይገባዋል። ከፊቴ የነበሩት እናት ፌስታል ሳይለቁ ደረሱ።

ወደ ዋናው ጉዳዬ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ፖንሳቫን አጠገብ የጋኖች ሜዳ አለ። ከድንጋይ የተፈለፈሉ፣ አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ ከ2,100 በላይ ጋኖች በየኮረብታው ተበትነዋል። ለቀብር ሥርዓት ያገለገሉ፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ናቸው ይባላል። ጥያችንና ድንጋዮቹን ያየ ሰው ዝም ብሎ ይቆማል። እኔም ዞር ዞር ብዬ ላይ ስል አስጎብኚው ክንዴን ያዘና መሬት ላይ የተቀበረች ትንሽ ምልክት አሳየኝ። ግማሿ ነጭ፣ ግማሿ ቀይ። «አባባ፣ በነጩ በኩል ይሂዱ» አለኝ። ነጩ የተጸዳ ነው፤ ቀዩ ገና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ በላኦስ ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጥላለች። ከዚህ ውስጥ 270 ሚሊዮን የሚገመቱት የክላስተር ቦምብ ፍሬዎች ናቸው፤ እያንዳንዷ የቴኒስ ኳስ የምታክል። ከሦስት አንዷ ገደማ ሳትፈነዳ መሬት ውስጥ ቀረች። ሰዎቹ «ቦምቢ» ይሏታል፤ ስሟ የልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ ልጆችም እንደ መጫወቻ ያነሷታል። ገበሬ በዶማ ይመታታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የእሳቱ ነገር ነው። ሰው ግቢው ውስጥ ለምግብ ማብሰያ እሳት ያነዳል፤ ከሥሩ ተቀብራ የቆየችው በሙቀቱ ትፈነዳለች። ለሃያ ዓመት በሰላም የተቀመጡበት ግቢ!

ሲያጸዱም አየሁ። ማሳው በገመድ ጠባብ ጠባብ መስመር ተደርጎ ይከፈላል። ሴቶች ናቸው የሚበዙት፤ መሣሪያቸውን እያወዛወዙ እግር በእግር ይሄዳሉ። ድምፅ በሰማ ቁጥር በእጅ፣ በቀስታ ይቆፈራል፤ ምስማርም ይሁን ቦምቢ እስኪታይ ድረስ አይታወቅም። አንድ ቡድን ቀኑን ሙሉ የጨረሳትን ቦታ በዓይኔ ለካኋት፤ እኛ በአንድ ግሬደር አምስት ደቂቃ አንፈጅባትም። እዚያ ግን መንገድም ሆነ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሬቱ ተፈትሾ ተጸድቷል ወይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቁፋሮ።

ቪየንቲያን ስደርስ ለተጎጂዎች ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበትን የኮፕን ማዕከል ጎበኘሁ። ያገለገሉ እግሮች ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንዳንዶቹ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ከቀርከሃና ከእንጨት የሠሯቸው ናቸው። ከነሱ መሃል የሕፃን መጠን ያላት አለች። ስለሷ ብዙ አልናገርም።

ጓደኞቼ፣ ይህን የማወራው ለሽርሽር ወሬ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በነበረባቸው አካባቢዎች፣ በትግራይ፣ በአፋር፣ በአማራ፣ የፈረሰ ትምህርት ቤትና መንገድ ጥገና ላይ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚያም ያልፈነደ ተተኳሽ ልጆችን እየጎዳ ነው። ጦርነት ከቆመ ሃምሳ ዓመት ያለፈው አገር ዛሬም ሴቶቹን በገመድ መሃል ካሰለፈ፣ የኛ ገና ትናንት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምን፤ በምታዘጋጁት የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ውስጥ፣ ከቁፋሮው በላይ፣ «የመሬት ፍተሻና ጽዳት» የሚል ተራ ይግባ፤ ገንዘብም ይመደብለት። አሠሪው «ይኼ ምንድን ነው፣ ሰርዘው» ቢላችሁ አትሰርዙ። ዶማ የሚይዘው የቀን ሠራተኛ ነው፤ እኛ አይደለንም።

ለዚህ የሚሆን ቅጽ አንድ ሁለቶቻችን ተቀምጠን ብናረቅ ደስ ይለኛል። ፈቃደኛ የሆነ ከእራት በኋላ እኔ ጠረጴዛ ጋ ይምጣ።

በመጨረሻ ይህችን ማንኪያ እዩልኝ። ፖንሳቫን አካባቢ ናፒያ የምትባል መንደር አለች፤ ሰዎቹ የጦርነቱን የአሉሚኒየም ብረት አቅልጠው በእንጨትና በአመድ ቅርጽ ያፈሱታል። እየተቀባበላችሁ ያዟት፣ እንደ ላባ ቀላል ናት። ስትጨርሱ ግን ወደኔ ትመለስ፤ ስድስት ነበር የገዛሁት፣ ባለቤቴ ቆጥራ ነው ያስያዘችኝ።