እንዶድ፦ ከጓሮ የሚገኝ ሳሙና

በልጅነቴ እናቴ የሳሙና መግዣ ሲያጥራት ነጠላዎቻችንን በእንዶድ ታጥብ ነበር። ፍሬውን ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ለቅማ ታደርቀዋለች፤ ወቅጣም በውኃ ስትመታው ነጭ አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚሰጠው፣ እድፉንም ከጨርቁ የሚያላቅቀው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያዩትም በዚሁ ሳቢያ ነበር። እኛ ምሁራን ለቢልሃርዝያው ምርምር ስናጨበጭብ የእጥበቱን ጥበብ ለእናቶች ትተን ረሳነው። የዱቄት ሳሙና ዋጋ ባስጨነቀው ቤት ግን እንዶድ ዛሬም ሊሞከር ይገባል እላለሁ። እጣቢው ዓሣንም ስለሚገድል ወንዝ ውስጥ አይደፋ። ብናኙም ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፤ እናቴ ስትወቅጥ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር።